ልብ ለሁለት ሲከፈል፦ «አምቢቫለንት» የሚለውን ቃል መረዳትና ሐሳቡን በአማርኛ መግለጽ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፣
1ኛ. «አምቢቫለንት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚያመለክተውን ስሜት ከሚመስሉት ስሜቶች ለይተው ያስረዳሉ፤
2ኛ. ሐሳቡን ለመግለጽ የሚስማማውን የአማርኛ ቃልና መስተጻምር ይመርጣሉ፤
3ኛ. ሁለት ተቃራኒ ስሜቶችን አንዱን በሌላው ሳይሸፍኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ሀ. መግቢያ

ሰው ስለ አንድ ነገር የሚሰማው ስሜት ሁልጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ልጇን የምትድር እናት በሠርጉ ዕለት ትስቃለች፤ ታለቅሳለችም። ከትውልድ መንደሩ ርቆ ትምህርቱን የመቀጠል ዕድል ያገኘ ተማሪ ለመሄድ ይቸኩላል፤ ለመቅረትም ይመኛል። ለብዙ ዓመት ያገለገለውን በሬ ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ ገንዘቡን አጥብቆ ይፈልገዋል፤ ሆኖም ገዥ እንዳያገኝ የሚመኝ ይመስል ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል።

እነዚህ ሰዎች ምን እንደ ተሰማቸው ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? «ደስ አላቸው» ብትሉ እውነቱን ታጎድላላችሁ። «አዘኑ» ብትሉም እንዲሁ ነው። «ምንም አልተሰማቸውም» ካላችሁ ደግሞ ፈጽሞ ተሳስታችኋል፤ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ ስሜት የተሰማቸው በዚህ ሰዓት ነው።

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ስሜት ያደረበትን ሰው የሚገልጽ አንድ ቅጽል ታገኛላችሁ። እርሱም «አምቢቫለንት» ነው፤ ስሙ «አምቢቫለንስ» ይባላል። ይህ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ «የሚያመነታ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ግዴለሽ»፣ አንዳንድ ጊዜም «አሻሚ» እየተባለ ይተረጐማል። ሦስቱም ትርጉሞች ከቃሉ አጠገብ ያልፋሉ እንጂ ቃሉን አያገኙትም። ስለዚህ አስቀድመን ቃሉን ራሱን እንመርምር፤ ከዚያ በኋላ አማርኛችን ለዚህ ስሜት ምን እንዳዘጋጀ እንመልከት።

ለ. የቃሉ አመጣጥ

«አምቢቫለንስ» ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ቃል አይደለም። የፈጠረው ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። ብሎይለር ከ1857 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ በዙሪክ ከተማ የሚገኘውን የቡርግሄልስሊን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የመራ ሰው ነበር። ቃሉን በጀርመንኛ ያወጣው በ1910 እና በ1911 እ.ኤ.አ. ግድም ነው። ወዲያውም ሲግመንድ ፍሮይድ ተቀብሎት በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቶተምና ታቡ» በተባለው መጽሐፉ ሠራበት። ቃሉ ከሐኪሞች ጽሑፍ ወጥቶ ወደ ልብ ወለድ፣ ወደ ጋዜጣና ወደ ዕለት ንግግር የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉ የተሠራው ከሁለት የላቲን ቃላት ነው። «አምቢ» ማለት «በሁለቱም በኩል» ማለት ሲሆን፣ «ቫሌሬ» ማለት ደግሞ «መበርታት፣ ኃይል ማግኘት» ማለት ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት «ቫለንሲ» የሚባለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ አንድ አቶም ከሌላ ጋር የመጣመር ኃይሉን የሚያመለክት ቃል ነው። እርሱም የተገኘው ከዚሁ ከ«ቫሌሬ» ነው። እንግዲህ «አምቢቫለንት» በጥሬ ትርጉሙ «በሁለቱም በኩል ብርቱ» ማለት ይሆናል።

ይህን ጥሬ ትርጉም በልባችሁ ያዙት። ቃሉ «በሁለቱም በኩል ደካማ» አይልም፤ «ግማሽ በግማሽ»ም አይልም። ሁለቱም ስሜቶች ብርቱ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የሚያመለክቱት አንድን ነገር ነው።

ብሎይለር ይህን መከፈል በሦስት ከፍሎ አይቶታል። አንደኛው የስሜት ነው፤ ያንኑ ሰው መውደድና መጥላት። ሁለተኛው የፈቃድ ነው፤ ያንኑ ሥራ ለማድረግና ላለማድረግ መፈለግ። ሦስተኛው የሐሳብ ነው፤ ያንኑ ነገር እውነት ነው ማለትና አይደለም ማለት። ብሎይለር ነገሩን ያጠናው በሕሙማን ላይ ቢሆንም፣ በጤነኛ ሰው ዘንድም እንደሚገኝ ገልጿል። ስለዚህ ቃሉ ዛሬ የበሽታ ስም አይደለም፤ ማንኛውም ሰው የሚሰማው ስሜት ስም ነው።

ሐ. ቃሉ ምን ማለት እንዳልሆነ

በትምህርት ቤታችሁ የገመድ ጉተታ ውድድር አይታችሁ ይሆናል። አንዱን ገመድ በአራት ሁኔታ አስቡት።

1. ገመዱ መሬት ላይ ተጥሎ ማንም አይጎትተውም። ይህ የግዴለሽነት ምሳሌ ነው። ግዴለሽ ሰው አይወድም፤ አይጠላም። ቢሆንም ባይሆንም ለእርሱ አንድ ነው።

2. ገመዱ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ የመወላወል ምሳሌ ነው። ወላዋይ ሰው ዛሬ የወደደውን ነገ ይጠላል፤ ከነገ ወዲያም መልሶ ይወዳል።

3. ገመዱን የሚጎትቱት ሰዎች ገመዱን ጨብጠዋል፤ ፊሽካው ተነፍቷል፤ እነርሱ ግን መጎተት አልጀመሩም። ይህ የማመንታት ምሳሌ ነው። የሚያመነታ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይቆማል፤ ይዘገያል።

4. በሁለቱም ወገን እኩል ብርቱ የሆኑ ሰዎች በሙሉ ኃይላቸው ይጎትቱታል። ገመዱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ነገር ግን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። «አምቢቫለንት» የሚባለው ይህ ነው።

ከሩቅ ላየው ሰው አንደኛውና አራተኛው ገመድ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ልዩነታቸውን የሚያውቀው ገመዱን በእጁ የነካ ሰው ብቻ ነው። «አምቢቫለንት»ን «ግዴለሽ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የተወጠረውን ገመድ ከተጣለው ገመድ ጋር ያምታታል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በሁለት ብርቱ ስሜቶች የተያዘን ሰው «ምንም አልመሰለውም» ማለት ነውና፣ ሰውየውን መበደል ይሆናል።

«አሻሚ» የሚለው ቃልም ከዚህ ተለይቶ ይታያል። አሻሚነት የንግግር ጠባይ ነው እንጂ የልብ ጠባይ አይደለም። «የአባቱ ፎቶግራፍ» የሚለውን ሐረግ ተመልከቱ። ፎቶግራፉ የአባቱ ንብረት ነው ወይስ የአባቱን መልክ የሚያሳይ ነው? ሐረጉ ለሁለቱም ትርጉም ይሆናል። «ወንድሜ አለ» የሚለውም ጽሑፍ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። በቅኔያችን የሰምና ወርቅ ጥበብ የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ኅብረ ቃል ላይ ነው። ባለቅኔው ቃሉን ሁለት ትርጉም ይሰጠዋል፤ የባለቅኔው ልብ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሻሚ የሚሆነው ቃሉ ነው፤ «አምቢቫለንት» የሚሆነው ሰው ነው።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ይህን ልዩነት ጠብቁ። ቃሉ የሚነገረው ስለ ሰው፣ ወይም ስለ ሰው ስሜትና አመለካከት ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ አየር ሁኔታ ወይም ስለ አንድ ሐረግ አይነገርም። የሚያያዘውም አብዛኛውን ጊዜ «አባውት» ወይም «ቱዋርድ» በሚሉት መስተዋድዶች ነው፤ ሰውየው ስለ ምን ነገር ልቡ እንደ ተከፈለ ከእነርሱ ቀጥሎ ይነገራል። ሲነገርም ድምፁ የሚጐላው በሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም «ቢ» ላይ ነው።

መ. የአማርኛ ቃላት

አማርኛ ለዚህ ስሜት ድሃ አይደለም። ሆኖም የሚመሳሰሉትን ቃላት እንደየሥራቸው መለየት ያስፈልጋል።

መጠራጠር፦ ስለ ነገሩ እውነትነት ነው። «ወሬውን ተጠራጠርሁ» ስንል እውነት ይሁን ሐሰት አላረጋገጥሁም ማለታችን ነው።

ማመንታት፦ ስለ ድርጊት ነው። ቃሉ «መንታ» ከሚለው ጋር በሥር ይዛመዳል። ሁለት አማራጭ በፊቱ ቆሞ አንዱን ለማንሣት የዘገየ ሰው «አመነታ» ይባላል። ወዲያው የሚያደርግ ሰው «ሳያመነታ አደረገው» ይባላል።

መወላወል፦ ስለ አቋም ነው። ቃሉ ነቀፌታ አለበት። በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ዘመን «ወላዋይ» የሚለው ቃል ከ«መሀል ሰፋሪ» ጋር የፖለቲካ መንቀፊያ ሆኖ ይሠራበት ነበር። «መሀል ሰፋሪ» ግን ቀድሞ ነቀፌታ አልነበረበትም፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በመሀል የሚሰፍረው ሠራዊት መጠሪያ ነበር። ቃላት እንዲህ እየተጣመሙ ስለሚሄዱ፣ ሁለት ስሜት አለኝ ያለውን ሰው ሁሉ «ወላዋይ» ከማለት ተጠንቀቁ። ስሜቱን በእውነት የተናገረ ሰው አቋም የለውም ማለት አይደለም።

ቅይጥ ስሜት፣ ድብልቅ ስሜት፦ ለሐሳቡ የሚቀርቡ ሐረጎች ናቸው፤ በጋዜጣና በሬዲዮም ይሰማሉ። አንድ ጉድለት ግን አለባቸው። ወተት ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ወተቱ ይቀጥናል፤ ውኃውም ጥራቱን ያጣል። በምንናገርለት ስሜት ግን ደስታው አይቀጥንም፤ ሐዘኑም አይቀንስም።

መንታ ስሜት፦ ከሁሉ የተሻለው ይህ ይመስላል። ምክንያቱን ከቃሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መንታ ልጆች በአንድ ማሕፀን ያደሩ ቢሆኑም ግማሽ ግማሽ ልጅ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ ልጅ ናቸው። መንታ ስሜትም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ልብ ያደሩ ሁለት ሙሉ ስሜቶች ናቸው።

ልብ ለሁለት መከፈል፦ በግስ መናገር ስትፈልጉ «ልቤ ለሁለት ተከፈለ» ማለት ትችላላችሁ። «ሁለት ልብ ሆንሁ» የሚለው ግን ለማመንታት ስለሚቀርብ ውሳኔ ባልተሰጠበት ጊዜ ይሻላል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ታውቃላችሁ። ምሳሌው የከለከለው እግርን ነው። እግር በአንድ ጊዜ ሁለት ዛፍ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ሰው በሥራው አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ልብ ግን ይወጣል። ስሜትና ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በሉ። ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ሳያመነታ ሊወስን ይችላል። ያች እናት እያለቀሰች ልጇን ትድራለች፤ ገበሬውም እያዘነ በሬውን ይሸጣል።

ሠ. ሰዋስው

1. የስሜት ግሶች

አማርኛ ስሜትን በሁለት መንገድ ይናገራል። በአንደኛው መንገድ ሰውየው የግሱ ባለቤት ነው፦ ተደሰትሁ፣ አዘንሁ፣ ፈራሁ። በሁለተኛው መንገድ ሰውየው ተሳቢ ነው፦ ደስ አለኝ፣ ቅር አለኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ። በሁለተኛው መንገድ ስሜቱ እንደ እንግዳ ወደ ሰውየው ይመጣል። በአንድ ቤት ሁለት እንግዶች በአንድ ጊዜ ሊገቡ እንደሚችሉ ሁሉ፣ በአንድ ሰው ላይም ሁለት ስሜቶች በአንድ ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ይህ መንገድ ለመንታ ስሜት ይመቻል።

ሁለቱን ስሜቶች እኩል ለማቆም «ም» የሚለውን ምዕላድ በሁለቱም ላይ እንጨምራለን። ከ«አለ» ጋር በተጣመሩት ግሶች ላይ «ም» የሚጨመረው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው።

ትክክል፦ ደስም አለኝ፤ ቅርም አለኝ።
ስሕተት፦ ደስ አለኝም፤ ቅር አለኝም።

ግሱ አንድ ቃል ሲሆን ግን በመጨረሻው ይጨመራል፦ ተደሰትሁም፤ አዘንሁም።

2. መስተጻምርና የስሜት ሚዛን

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው በመጨረሻው ግስ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የተቀመጠው ስሜት ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. እኅቴ በመሄዷ ደስ ይለኛል፤ ግን እፈራለሁ።
ለ. እኅቴ በመሄዷ ደስ ቢለኝም እፈራለሁ።
ሐ. ብፈራም፣ እኅቴ በመሄዷ ደስ ይለኛል።
መ. እኅቴ በመሄዷ ደስም ይለኛል፤ እፈራለሁም።
ሠ. እኅቴ በመሄዷ ደስ የሚለኝን ያህል እፈራለሁ።

በ«ሀ» እና በ«ለ» ፍርሃት ያይላል። በ«ሐ» ደስታ ያይላል። በ«መ» እና በ«ሠ» ሚዛኑ እኩል ነው። አምስቱም ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን አምስቱም አንድ እውነት አይናገሩም። ጸሐፊው በልቡ ያለውን ሚዛን አስቀድሞ ካልመረመረ፣ መስተጻምሩ በእርሱ ፈንታ ይፈርድለታል። በተለይም «ግን» የሚለው ቃል ከፊቱ ያለውን ሁሉ የማቅለል ጠባይ አለው።

«ደስ ይለኛል ወይም እፈራለሁ» ማለት ደግሞ አይቻልም። «ወይም» ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ በመንታ ስሜት ግን የሚቀር የለም።

3. ጊዜ

«እናቲቱ አልቅሳ ሳቀች» እና «እናቲቱ እያለቀሰች ሳቀች» የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አልቅሳ» ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ ለቅሶው አልቆ ሳቁ ተከተለ። በሁለተኛው «እየ» የሚለው ምዕላድ ለቅሶውንና ሳቁን በአንድ ጊዜ ያስኬዳቸዋል። መንታ ስሜትን የሚገልጸው ሁለተኛው ነው።

ረ. ድርሰት፦ አንድ ደብዳቤ በአራት መልክ

የሚከተለውን ሁኔታ አስቡ። አንዲት ልጅ በደሴ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች። ወንድሟ ከእናታቸው ጋር በገጠር ይኖራል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። እኅት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ አስባ ፓስፖርት አውጥታለች። በስልክ እንዳትነግረው እናታቸው ትሰማለች። ስለዚህ በሰው እጅ ደብዳቤ ላከችለት፤ «ብሄድ ትወዳለህ ወይስ ትጠላለህ? እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ወንድም እውነቱን ንገረኝ» አለችው። ወንድም አራት መልስ ሊጽፍ ይችላል።

አንደኛ መልስ፦ «እትዬ፣ ብትሄጂ በጣም ደስ ይለኛል። ምንም አታስቢ። ገንዘብ ስትልኪልን ቤታችንን ቆርቆሮ እናለብሰዋለን።»

ሁለተኛ መልስ፦ «እትዬ፣ አትሂጂ። በሄዱት ላይ የደረሰውን ሰምተሻል። ከሄድሽ አልወድሽም።»

ሦስተኛ መልስ፦ «እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ እንደ ፈቀድሽ አድርጊ።»

የመጀመሪያው መልስ ፍርሃቱን ደብቋል። እኅት ይህን ስታነብ፣ «ለካስ የሚፈልጉት ገንዘቤን ነው» ልትል ትችላለች። ሁለተኛው ተስፋውን ደብቋል፤ ከዚያም አልፎ ፍቅርን መያዣ አድርጎታል። ሦስተኛው ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ከሦስቱ የባሰው እርሱ ነው። የተወጠረውን ገመድ የተጣለ ገመድ አስመስሎ አቅርቦታል። እኅት የጠየቀችው ወንድም ነበር፤ ያገኘችው ግን ግዴለሽ ነው።

አራተኛው መልስ ይህ ነው።

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናታችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ብሄድ ትወዳለህ ወይስ ትጠላለህ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እትዬ፣ እወዳለሁም፤ እጠላለሁም። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሁለቱንም እነግርሻለሁ።

የምወድበት ምክንያት ይህ ነው። ከደመወዝሽ ለእኔ ደብተርና ዩኒፎርም ሲወጣ ለአንቺ የሚተርፍሽ እንደሌለ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ እናታችን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ አደረች። አንቺም ትምህርትሽን ያቋረጥሽው ለእኔ ስትዪ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ የራስሽ የሆነ ነገር ይዘሽ ቆመሽ ላይሽ እፈልጋለሁ።

የምጠላበት ምክንያት ይህ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከሄደች በኋላ ለስምንት ወር ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ስትመለስ ሁላችንም እልል ብለን ተቀበልናት፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ አገር አንዲት ቃል አትናገርም። ማታ ማታ ስለ አንቺ ሳስብ የእርሷ ዝምታ ይመጣብኛል። ወንዙ ሲሞላ አዝለሽ ያሻገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያንን ባሕር ስትሻገሪ አንቺን የሚያዝልሽ ማን ነው?

ይህን የምጽፍልሽ ልከለክልሽ አይደለም። መንገዱ የአንቺ ነው፤ ውሳኔውም የአንቺ ነው። የምትሄጂ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ብቻ ሂጂ። የሥራ ውሉን አንብበሽ ሳትረጂ አትፈርሚ፤ ቅጂውንና የፓስፖርትሽን ፎቶግራፍ ለእኔ ተዪልኝ። ብትቀሪም ጣሪያው እስከሚቀጥለው ክረምት ይታገሣል።

ለእናታችን አልነገርኋትም። መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ

ሰ. ስለ ደብዳቤው ማብራሪያ

የዚህን ደብዳቤ አሠራር መርምሩ።

በመጀመሪያ፣ እኅት በ«ወይስ» ጠየቀች፤ ወንድም በ«ም» መለሰ። «እወዳለሁም፤ እጠላለሁም» በማለቱ ሁለቱንም ስሜቶች እኩል አቆማቸው።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ስሜት የራሱን አንቀጽ ሰጠው። የሁለቱም አንቀጾች መክፈቻ አንድ ዓይነት ነው። በሁለቱ መካከል «ግን» የሚለውን ቃል አላስገባም፤ ቢያስገባው ኖሮ ፊተኛው ምክንያት በቀለለ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስሜቶቹን በስማቸው ከመጥራት ይልቅ ምክንያታቸውን አሳየ። «በጣም እጅግ እፈራለሁ» አላለም፤ የጎረቤታቸውን ልጅ ዝምታ ነገራት። «ያሳዝነኛል» አላለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ያደረችውን እናት አስታወሳት። መንታ ስሜት በቅጽል ብዛት አይገለጽም፤ በሚታይና በሚሰማ ነገር ይገለጻል።

አራተኛ፣ ስሜቱን ከምክሩ ለየ። ልቡ ለሁለት ቢከፈልም ምክሩ አልተከፈለም፤ «አንብበሽ ሳትረጂ አትፈርሚ» የሚለው ትእዛዝ የማያመነታ ሰው ቃል ነው።

እኅት ይህን ደብዳቤ ካነበበች በኋላ ትሂድ ወይም ትቅር፣ የምትወስነው እውነቱን ይዛ ነው። ይህም የጽሑፍ ትልቁ ጥቅም ነው። በብዙ ቤት የሚወዱን ሰዎች እንዳይከፋን ሲሉ ፍርሃታቸውን ይደብቁናል፤ ወይም እንዳንርቃቸው ሲሉ ደስታቸውን ይደብቁናል። ሁለቱንም የሚነግረን ሰው ብናገኝ ግን የምንወስነው ነገር ምን እንደሚያስገኝልንና ምን እንደሚያሳጣን በግልጽ እናያለን።

ሸ. መልመጃ

መልመጃ 1. በባዶው ቦታ ከሚከተሉት ቃላት ተስማሚውን አግቡ፦ አመነታ፣ ተጠራጠረ፣ ግዴለሽ፣ አሻሚ፣ ወላዋይ፣ መንታ ስሜት።
ሀ. ዳኛው ምስክሩ የተናገረውን ቃል እውነትነት _____ ።
ለ. ውሉ የተጻፈበት ቃል _____ ስለነበረ ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው ተረጐሙት።
ሐ. ልጁ ወንዙን ለመሻገር ጥቂት _____ ፤ በኋላ ግን ዘሎ ገባ።
መ. መምህሩ ጡረታ በወጡበት ቀን ዕረፍቱን ቢናፍቁም ተማሪዎቻቸውን መለየት ስላስጨነቃቸው _____ አደረባቸው።
ሠ. ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ለእርሱ ምንም አይመስለውም፤ _____ ነው።
ረ. ጠዋት ከእኛ ጋር፣ ማታ ከእነርሱ ጋር የሚሆነውን ሰው _____ ብለው ነቀፉት።

መልመጃ 2. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች የትኛው ስሜት እንደሚያይል ተናገሩ። ከዚያም እያንዳንዱን ሁለቱ ስሜቶች እኩል እንዲሆኑ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።
ሀ. አዲሱን ቤታችንን ብወደውም አሮጌው ይናፍቀኛል።
ለ. ወንድሜ ውትድርና በመግባቱ እኮራለሁ፤ ግን እሰጋለሁ።
ሐ. ብትደክምም አያቴ እርሻውን በመሥራቷ ደስ ይላታል።

መልመጃ 3. የሚከተሉትን ስሕተቶች አርሙ፤ ምክንያታችሁንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
ሀ. ስንለያይ ደስ አለኝም፤ ከፋኝም።
ለ. ስለ ጉዳዩ አምቢቫለንት ነኝ፤ ምንም ቢሆን ለእኔ አንድ ነው።
ሐ. ይህ ሐረግ ሁለት ትርጉም ስላለው አምቢቫለንት ነው።

መልመጃ 4. በሕይወታችሁ ውስጥ ልባችሁን ለሁለት የከፈለ አንድ ጉዳይ ምረጡ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ካለ፣ ለዚያ ሰው ከ20 መስመር ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ ሁለቱን ስሜቶች በሁለት እኩል አንቀጾች ግለጹ፤ ለእያንዳንዱም ቢያንስ አንድ የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር አቅርቡ። «በጣም»፣ «እጅግ» እና «ድብልቅ ስሜት» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ግን» የሚለውን ቃል የጻፋችሁበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት፤ በእርግጥ በልባችሁ ያለውን ሚዛን የሚያሳይ ካልሆነ ሰርዙት።